የእህቴ ቆዳ እየደነደነ ነው፦ ስለ ስክሌሮደርማ የምታውቁ እርዱን

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ዕድሜዋ 38 ነው፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የምትተዳደረው በሹሩባ ሥራ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጠዋት ጠዋት ውኃ ስትነካ ጣቶቿ እንደ ኖራ ይነጡ፣ ጥቂት ቆይተው ይጠቁሩ፣ ሲሞቃቸው ደግሞ ቀልተው እንደ እሳት ይለበልቧት ጀመር። የከተማውን ብርድ የሚያውቅ ሁሉ «ብርድ መትቷት ነው» አለ፤ እኛም አመንን። ከወራት በኋላ ግን ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷ አልወጣ ስላለ በወርቅ ሠሪ አስቆረጥነው። እብጠቱ ሲቀንስ ቆዳው ተለጥጦ አጥንቱ ላይ ተጣበቀ፤ አሁን ጥብቀቱ ከእጇ አልፎ ክንዷና ደረቷ ላይ ደርሷል። ደረቷ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ስለወጡ አንዳንድ ጎረቤቶች ለምጽ ነው፣ ሌሎቹም ሥጋ ደዌ ነው እያሉ ከቤታቸው ቡና መጥራት አቁመዋል፤ ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነው ያስለቀሳት።

በቅርቡ አዲስ አበባ አምጥቻት የበሽታው ስም ስክሌሮደርማ እንደሆነ ተነገረን። የደም ምርመራዋ ኤስሲኤል-70 የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል እንዳለባት አሳይቷል። ለጊዜው የደም ቧንቧ የሚያሰፋው ኒፈዲፒንና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ታዞላታል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለመገጣጠሚያ ሕመም ብሎ ፕሬድኒሶሎን ሰጥቷት ሕመሙ በሁለት ቀን ስለጠፋላት በቀን አራት እንክብል መዋጥ ቀጥላለች። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ቆዳዋን የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ? ደረጃዎች ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ እኔ ግን ከጭንቀት ነው ብዬ ገምቻለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ ይልቅ በመጨረሻ እንደ ዋዛ የጣልካት ዓረፍተ ነገር አስጨንቃኛለችና ከእርሷ ልጀምር። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረው ተቃራኒው በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ጉዳዩ የሳንባ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ቆዳው ለዓይን ስለሚታይ ሐሳባችንን ሁሉ ይይዘዋል፤ የሰውን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ሳንባ፣ ልብና ኩላሊት ናቸው። ኤስሲኤል-70 ያለበት ሰው ደግሞ ሳንባው የመጠባሰስ ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው።

በሰውነቷ ውስጥ እየሆነ ያለውን ላስረዳህ። መነሻው ከቆዳ በፊት ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች ላይ ነው፤ የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፣ ይጠባል፣ በብርድም ያለልክ ይኮማተራል። የጣቶቿ መንጣት ሬይኖ የሚባለው ምልክት ነው፤ ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1862 ካብራራው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በዚሁ ላይ ከተሕዋስያን ሊጠብቃት የሚገባው የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ በራሷ አካል ላይ ይነሳል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን ሴሎች ይቀሰቅሳቸዋል፤ እነርሱም ኮላጅን የተባለውን ክር ማቆሚያ እንዳጣ ፈታይ እየፈተሉ ይከምራሉ። ክሩ ቆዳ ውስጥ ሲከማች ቆዳው ይደነድናል፤ ሳንባ ውስጥ ሲከማች አየርና ደም የሚገናኙበት ስስ ግድግዳ ይወፍራል፤ የጉሮሮ ቧንቧ ሲነካ ምግብ ይቆማል፣ ቃር ይበዛል። ኦሜፕራዞል የታዘዘላትም በዚህ ምክንያት መሆን አለበት።

በሬይኖ ስም ሰው እንዳይደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። ከ100 ሰው ከ3 እስከ 5 የሚሆነው ጣቱ በብርድ ይነጣል፤ አብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ነገር አያገኘውም። የሚያሳስበው መንጣቱ በጉልምስና ዕድሜ ሲጀምር፣ ጣት ሲያብጥ፣ ጫፉ ላይ ቁስል ሲወጣ ነው። ሐኪሙ ጥፍሩ ሥር አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሮ በማጉያ መሣሪያ ቢያይ የተጣመሙና የሰፉ ቧንቧዎችን ሊያገኝ ይችላል፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ የሆነ ምርመራ ነው።

ስለ ጎረቤቶቻችሁ፦ ስክሌሮደርማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ደረቷ ላይ ያየኸው ቀለም እንደ ለምጽ ሙሉ በሙሉ የነጣ አይደለም፤ ቀረብ ብለህ ብታየው በእያንዳንዷ የፀጉር ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስላል። ይህ በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ የሚታይ የበሽታው ምልክት ነው። ሥጋ ደዌ ቢሆን ደግሞ ነጣ ያለው ቦታ መደንዘዝና ስሜት ማጣት በኖረው ነበር፤ እርግጡ ነገር ግን ሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ ሰውን ከቡና ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አሁን የሚያስፈልጓትን ልጻፍልህ። የሳንባዋን ጥራት ያለው ሲቲ ስካን አስነሡ፤ ተራ ራጅ የመጀመሪያውን ጉዳት ሊያሳልፈው ይችላል። ወደ መሣሪያ እየተነፈሰች የሳንባዋ መጠን ይለካ፤ የልብ አልትራሳውንድ፣ የኩላሊት የደም ምርመራና የሽንት ምርመራም ይደረግላት። ሳል ካላት መጀመሪያ የሚታሰበው ነቀርሳ ነው፤ የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ነቀርሳ አለመኖሩን ማጣራት በእርግጥ ግዴታ ነው፤ የነቀርሳው ውጤት «የለም» ሲባል ግን «እንግዲያው ሳንባዋ ደኅና ነው» ብላችሁ ወደ ቤት እንዳትመለሱ።

ስለ ፕሬድኒሶሎኑ በተናጠል እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ድረስ በድንገት እንዳታቋርጠው።

ከሜሪላንድ

እህትዎ የጀመረችውን መንገድ እኔ ከ11 ዓመት በፊት ጀምሬዋለሁ። የእኔም የተስፋፋ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የቆዳው ጥብቀት ከክርን አልፎ ክንድን፣ ጭንን፣ ደረትንና ሆድን ሲይዝ እንዲህ ይሉታል። ከክርንና ከጉልበት በታችና ፊት ላይ ብቻ ሲቀር ውሱን ይባላል፤ ውሱኑ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላ ግን የሳንባን የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል «ውሱን» የሚለውን ስም ሰምቶ መዘናጋት አይገባም።

ቆዳ ስለማለስለስ ለጠየቁት የማውቀውን ልናገር። የእኔ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እየባሰ ሄደ፤ አፌ ጠቦ ጉርሻ መቀበል አቃተኝ። በሰርግ ላይ አክስቴ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ አፌን መክፈት አቅቶኝ ዞር ማለቴን አልረሳውም፤ እርሷም ቅር ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የክንዴና የደረቴ ቆዳ ለሰሰ። ሐኪሜ በተስፋፋው ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆዳ በራሱም ጊዜ እንደሚሳሳ ነግሮኛል፤ ስለዚህ «ይህን ቅባት ተቀብቼ ዳንኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሰውየው ባይዋሽም ቅባቱ ነው ያዳነው ማለት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የተጎዳ ሳንባ ግን እንደ ቆዳው ተመልሶ አይለሰልስም። እኔ ለሳንባዬ ማይኮፌኖሌት የተባለውን፣ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያበርድ መድኃኒት የጀመርኩት ቆዳዬን ሳሳድድ አንድ ዓመት ካባከንኩ በኋላ ነው፤ ያንን ዓመት ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የስክሌሮደርማ ማዕከል ይህን በሽታ ብቻ የሚከታተሉ ሐኪሞች እንዳሉ እወቁ። በዚህ አገር በተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ሕሙማን በሽታው ቀደም ባለ ዕድሜ እንደሚይዛቸውና ሳንባቸውን አጥብቆ እንደሚጎዳቸው ታይቷል፤ «ገና ወጣት ነሽ» የሚል ሐሳብ እንዳያዘናጋችሁ።

የመሪጌታ ልጅ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ እናቴ ብቻ እናገራለሁ። እናቴ በዚሁ ሕመም ስትያዝ በእምነታችን መሠረት ጠበል ገባች። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው ውኃ ሲወርድባት ጣቶቿ ለሰዓታት ነጥተው ይቆዩ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት የሁለት ጣቶቿ ጫፍ ጠቁሮ ቆሰለ። ከጠበሉ አገልጋይ ካህን ጋር ስንነጋገር ሁኔታዋን አይተው መጠመቁን ትታ እንድትጠጣ፣ ሰውነቷንም እንድታሞቅ፣ የሐኪም መድኃኒቷንም እንዳታቋርጥ መከሯት። ይህን የምጽፈው ማንንም ከእምነቱ ለማራቅ አይደለም፤ ካህናቱ ስለ ብርዱ ካልተነገራቸው ሊያውቁት ስለማይችሉ ንገሯቸው ለማለት ነው። የእናቴ ቁስል ለመዳን አራት ወር ፈጅቷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

የመሪጌታ ልጅ፣ የእናትህን ታሪክ በማካፈልህ አመሰግንሃለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው ወንድሜና ወደ ፕሬድኒሶሎኑ ልመለስ። በብዙ የመገጣጠሚያ በሽታዎች ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በስክሌሮደርማ ግን የተለየ አደጋ አለው። በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ ሲወሰድ የስክሌሮደርማ የኩላሊት ቀውስ የሚባለውን የመቀስቀስ ዕድል እንዳለው ይታወቃል። እህትህ የምትውጠው ባለ 5 ሚሊ ግራሙ እንክብል ከሆነ አራቱ 20 ሚሊ ግራም ይሆናሉ። በሽታዋ የተስፋፋው ዓይነት ነው፣ ከጀመራት ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀውሱ የሚበዛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ዓመታት ነው። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በነገው ዕለት ሐኪሟን አግኝታችሁ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነስላት።

ቀውሱ ሲመጣ የደም ግፊት በድንገት ያሻቅባል፤ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የሽንት ማነስና የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይህ ቀውስ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞት ነበር። ታሪኩን የለወጠው ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒትና ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ዛሬ በየፋርማሲው የምናገኘው ኢናላፕሪል ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። በዚህ በሽታ ሕክምና ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሕይወት ያተረፈ ግኝት ያለ አይመስለኝም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ቀውሱ ሳይመጣ «ለመከላከል» ብሎ መውሰድ ጥቅም አላሳየም፤ ጥቅሙ ቀውሱ እንደታወቀ ወዲያው ሲጀመር ነው። ስለዚህ የግፊት መለኪያ ግዙላትና ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትለካ፤ በደብተርም ይጻፍ። ከ140 በ90 በላይ ከወጣ፣ ወይም ላይኛው ቁጥር ከለመደችው በ30 ከጨመረ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ። ግፊቷ ሁልጊዜ 100 የነበረ ሰው 135 ላይ ሲደርስ «ደኅና ነው» ተብሎ መመለሱ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፋርማሲስት

በሐኪሙ ላይ ጥቂት ልጨምር። ሬይኖ ያለበት ሰው ለጉንፋን ያለ ትእዛዝ የሚሸጡትን አፍንጫ የሚከፍቱ መድኃኒቶች ከመውሰዱ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ፕሱዶኤፈድሪን የደም ቧንቧን ያጠባል። ለግፊት ወይም ለራስ ምታት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም ሬይኖን ያባብሳል። ሲጋራና ጫትም ቧንቧን ስለሚያኮማትሩ ጣቱ ለቆሰለ ሰው ጨርሶ አይሆኑም።

ለዚህ በሽታ የሚሰጡት ማይኮፌኖሌትና ሜቶትሬክሴት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳሉ። እህትዎ 38 ዓመቷ ስለሆነ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ ስለ እርግዝና መከላከያም በግልጽ ተነጋገሩ። ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በሀፍረት ይታለፋል።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩትን ለእህቴ ሳነብላት ስለ ጉርሻው የተጻፈው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «እኔም ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አለችኝ። ሐኪሟን በማግሥቱ አግኝተናል፤ ፕሬድኒሶሎኑን በየሳምንቱ አንድ እንክብል እየቀነሰች ነው። እንክብሉ ባለ 5 ሚሊ ግራም መሆኑን አረጋግጠናል። ሲቲ ስካን ለሐሙስ ቀጠሮ ተይዟል። አንድ ወዳጄ ግን «ኒንቴዳኒብ የሚባል አዲስ መድኃኒት ከውጭ እናስመጣ፣ ወይም ሕንድ ሄዳ የግንድ ሴል ንቅለ ተከላ ታድርግ» እያለ ነው። ቤታችንን ብንሸጥም ለእርሷ አንሳሳም፤ ነገር ግን ለምን እንደምንሸጥ ማወቅ እንፈልጋለን።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ቤት ከመሸጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን መድኃኒት ልክ ማወቅ ይገባችኋል።

ለሳንባዋ መሠረት የሆኑት የመከላከያ ሥርዓትን የሚያበርዱት ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋሚድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 142 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ሁለቱን አነጻጽሮ የሳንባን መጠን በመጠበቅ ተቀራራቢ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ማይኮፌኖሌት ግን ጉዳቱ ያነሰ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቻችን በእርሱ እንጀምራለን። ቆዳንም በመጠኑ ያለሰልሳል። ከዚያ ቀጥሎ ሪቱክሲማብና ቶሲሊዙማብ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ቶሲሊዙማብ በአሜሪካ ለዚህ የሳንባ ችግር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ኒንቴዳኒብ በአሜሪካ ለዚሁ የሳንባ ችግር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን 576 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱን ያልወሰዱት ሰዎች በዓመት 93 ሚሊ ሊትር ያህል የሳንባ መጠን ሲያጡ የወሰዱት 52 ሚሊ ሊትር ያህል አጥተዋል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን የጠፋውን አይመልስም፣ ቆዳውንም አላሻሻለም፣ ተቅማጥም ያበዛል። ማይኮፌኖሌትን በሙሉ መጠን ሳይሞክሩ ቤት ሽጦ በዚህ መጀመር በእኔ አስተያየት ትክክል አይደለም።

የግንድ ሴል ንቅለ ተከላው ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ የራሷ ሴሎች ተወስደው የተሳሳተው የመከላከያ ሥርዓት በከባድ መድኃኒት ከተጠረገ በኋላ ይመለሱላታል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2018 የታተሙት ሁለት ጥናቶች ከሳይክሎፎስፋሚድ ይልቅ ዕድሜን በማርዘም እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ጥናት ንቅለ ተከላው ከተመደበላቸው ከ10 ሰው አንዱ በአንደኛው ዓመት ውስጥ በሕክምናው ምክንያት ሞቷል። ስለዚህ የሚታሰበው በሽታው በፍጥነት እየገሰገሰ ላለ፣ ልቡ ግን ገና ላልተጎዳ ሰው፣ ልምድ ባለው ማዕከል ብቻ ነው። ሲቲ ስካኑ ሳይታይ ስለዚህ መነጋገር ጊዜው አይደለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

መድኃኒቱ ላይ ሁላችሁም ስላተኮራችሁ ስለ እጆቿ ልናገር፤ ሹሩባ ሠሪ ናትና። ጣት በተጣጠፈበት ከቆየ ጅማቱም አብሮ ያጥራል፤ ያኔ ቆዳው ቢለሰልስ እንኳ ጣቱ አይዘረጋም። በቀን ሁለት ጊዜ እጇን ለብ ባለ ውኃ አሙቃ፣ ቅባት ቀብታ፣ እያንዳንዱን ጣት በሌላው እጅ ቀስ አድርጋ ትዘርጋ፤ ቀጥላም ትጨብጥ፤ በየዝርጋታው እስከ አሥር ትቁጠር። ውኃው በጣም እንዳይሞቅ በክርኗ ትለካው፤ በሬይኖ የተጎዳ ጣት ሙቀቱን በትክክል ላይለየው ይችላል። ለአፏም በሰፊው መክፈት፣ ከንፈርን ማሾልና ጉንጭን መንፋት በየዕለቱ ይደረግ፤ አፉ የጠበበ ሰው ጥርሱን ማጽዳትም ማሳከምም ስለሚቸግረው የጥርስ ሐኪም ቀድማ ትይ።

በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ጓንት ብቻ አይበቃም። ሬይኖ የሚነሳው እጅ ሲበርደው ብቻ ሳይሆን ደረትና ሆድ ሲበርደውም ስለሆነ ጋቢዋን ከትከሻዋ አታውርድ፤ ከአልጋ ሳትወርድ ካልሲ ታድርግ።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ) — ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሲቲ ስካኑ በሁለቱም ሳንባዎቿ ታችኛው ክፍል ጥብሳት እንደጀመረ አሳይቷል። የሳንባዋ መጠን ከሚጠበቀው 71 በመቶ ነው፤ ነቀርሳ የለባትም፤ የልብ አልትራሳውንዷ ደኅና ነው። ጭንቀት ነው ብዬ አልፌው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ማይኮፌኖሌት ጀምራለች፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ ነው፤ መጀመሪያ ሆዷን አውኳት ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። የግፊት ደብተሯን የምትሞላው የ12 ዓመት ልጇ ናት፤ እስካሁን ከ118 አልወጣም። ጎረቤታችንን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ስለ በሽታው በራሷ ጆሮ እንድትሰማ አድርጌያለሁ፤ ባለፈው እሑድ ቡና ጠርታታለች።

የቀረኝ ጥያቄ የሳንባው ምርመራ መቼ ይደገም የሚለው ነው። በዓመት አንዴ ይበቃል የሚል ሰምቻለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ለእርሷ አይበቃም። በሽታው ገና በመጀመሪያ ዓመታቱ ላይ ነው፣ ጥብሳቱም ታይቷል፤ ስለዚህ የሳንባ መጠን ልኬቱ ለመጪዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደገም፤ የሚቀጥለውን ከክረምቱ ብርድ በፊት ብታደርጉት እመርጣለሁ። በሚቻላችሁ መጠን በዚያው መሣሪያ ይለካ፤ የወረቀቱን ግልባጭ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ፤ ምክንያቱም ወሳኙ ነገር 71 ከሚለው ቁጥር ይልቅ ቀጣዩ ቁጥር ከእርሱ የት ላይ እንደቆመ ነው። ልኬቱ ከወረደ፣ ወይም ሳይወርድ ትንፋሿ ካጠረ፣ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ኑ። ማይኮፌኖሌት ላይ እስካለች ድረስ የደም ሴሎች ቆጠራም በየጊዜው ይደረግላት፤ ትኩሳት ከያዛት ደግሞ ቤት አትቆይ።

ከሜሪላንድ

ለእህትዎ ይህን ንገሩልኝ፦ ጉርሻውን ትንሽ አድርገው ይጠቅልሉላት፤ እኔ አሁን እንደዚያ ነው የምቀበለው። አክስቴም ታውቃለች።